ጠገራ ብርን ስለ ማጠብ፤ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሰቃ ጨቆርሳ ነባር ቤቶች፥ ከሣጥን ሥር በጨርቅ ተቋጥሮ ወይም በቆዳ ከረጢት ተከትቶ የኖረ ጠገራ ብር አሁንም አልፎ አልፎ ይገኛል። አያት ሞተው ንብረታቸው ሲከፈል፥ ወይም አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው መጥቶ «አሮጌ ብር አላችሁን?» ብሎ ሲጠይቅ ቋጠሮው ይፈታል። ከዚያም ብዙ ጊዜ የሚደረገው ነገር አንድ ነው፤ ብሩ ለእንግዳ ዓይን ከመቅረቡ አስቀድሞ በሎሚና በአመድ ይታሻል፥ በውሃም ይለቀለቃል። ጥቁሩ ይለቃል፥ ነጩ ይወጣል፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል።

ይህን ልማድ እንደ ድንቍርና ቈጥሮ መንቀፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ትክክለኛ ፍርድ አይሆንም። በቡና አገር «ታጥቦአል» የሚለው ቃል የምስጋና ቃል ነውና። ታጥቦ የደረቀ ቡና ከነጀንፈሉ ከደረቀው ይልቅ በገበያ ከፍ ያለ ዋጋ ያወጣል። ይህን እያየ ያደገ ሰው ያልታጠበ ብር ለገዢ ማቅረብ እንግዳን በቆሸሸ ሲኒ እንደ ማስተናገድ ቢመስለው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በብሩ ላይ የሆነው በቡናው ላይ ከሆነው የተለየ ነው። ከቡናው የሚወገደው ልጣጭ ነው፤ ከብሩ የሚወገደው ግን የብሩ የራሱ አካል ነው። ከዚህም ጋር አብሮ የሚጠፋ ሌላ ነገር አለ፤ ይህ ነገር ምን እንደ ሆነ ሳይጠየቅ አጠባው ሊመሰገንም ሊነቀፍም አይገባውም።

ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የተባለው ገንዘብ በፊቱ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ተሬዛ መልክ፥ በጀርባው ደግሞ ባለ ሁለት ራስ ንስር አለበት። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 ነው (ዘመናቱ የኢትዮጵያ አቈጣጠር ካልተባለ በቀር የአውሮፓ ናቸው)። ከዚያ በኋላ የተቀረጸው ገንዘብ ሁሉ ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት እንደ ያዘ ቀረ። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ ከስድስት እጁ አምስቱ ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። በገዛ አገሩ በኦስትሪያ በ1858 ሕጋዊ ገንዘብነቱ ቢቀርም፥ ለቀይ ባሕርና ለኢትዮጵያ ንግድ መቀረጹ አልቆመም። በ1935 ኢጣሊያ ለወረራዋ በተዘጋጀች ጊዜ የመቅረጽን መብት ከኦስትሪያ ወስዳ በሮም ማስቀረጽ ጀመረች። ከ1936 ጀምሮ ለንደን፥ እንዲሁም ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃም ያንኑ መልክ ቀረጹ። ቪየና ዛሬም ትቀርጻለች። በሁሉም ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው።

እንግዲህ ሌላው የዓለም ገንዘብ ዘመኑንና አገሩን በፊቱ ጽፎ ሲመጣ፥ ጠገራው ግን ዘመኑን የሚደብቅ ገንዘብ ነው። ከአጋሮ ሣጥን የወጣውና ከየመን ሱቅ የተገዛው፥ በአባ ጅፋር ዘመን የገባውና በኢጣሊያ ጊዜ ከሮም በመርከብ የመጣው፥ በጽሑፋቸው አንድ ናቸው። ልዩነታቸው የሚታወቀው በጥቃቅን ምልክቶች ነው፤ በንስሩ ጅራትና ክንፍ ላባዎች ቍጥርና አቀማመጥ፥ በንግሥቲቱ የራስ ጌጥና በትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ በተደረደሩት ሉሎች፥ በጠርዙም ላይ በላቲን በተጻፈው «ፍትሕና ርኅራኄ» በሚለው መሪ ቃል አቀራረጽ። የጥንቱ ነጋዴዎችም ይህን ያውቁ ነበር። ሉሎቹን በጥፍራቸው እየዳሰሱ ይቈጥሩ፥ ደብዝዞ ያገኙትንም ይመልሱ ነበር። አመድና አሸዋ አስቀድመው የሚበሉት ደግሞ እነዚህኑ ከፍ ከፍ ያሉትን ሉሎችና ላባዎች ነው።

የጅማ ነገር ለዚህ ክርክር የተለየ ክብደት አለው። ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው ግዛታቸውን ጠብቀው በኖሩበት ዘመን፥ በጅሬን ቤተ መንግሥት አቅራቢያ የነበረው የሂርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ከሩቅም ከቅርብም ሰው ይሰበሰብበት ነበር። ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፥ ክፉው የባሪያ ንግድም ጭምር በዚያ ይካሄድ ነበር። ለትልቁ ግዢ ጠገራ፥ ለትንሹ አሞሌ ጨው ይከፈል ነበር። አሞሌው ከአፋር በረሓ ተነሥቶ እስከ ጅማ ሲደርስ በመንገድ እየተሰበረ፣ እየረጠበ፣ ዋጋውም እየጨመረ ስለሚሄድ፥ በአንድ ጠገራ የሚገኘው የአሞሌ ቍጥር ከሰሜኑ ያነሰ ነበር። የምኒልክ ብር በኢትዮጵያ አቈጣጠር 1887 የሚል ዓመት ይዞ ከፓሪስ ተቀርጾ ሲመጣም ጠገራውን ከገበያ አላስወጣውም። ኢጣሊያኖች ሊራቸውን ለማስለመድ ሲደክሙ ገበሬው ቡናውን በጠገራ ካልሆነ አልሸጥም ይል ነበር፤ ሮም ያን ያህል ጠገራ ያስቀረጸችበትም ምክንያት አንዱ ይኸው ነው። በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በሕግ ሲቆም ጠገራው ከገበያ እየወጣ፥ ከፊሉ ወደ ባንክ፥ ከፊሉ ወደ አንጥረኛ ማቅለጫ፥ የቀረውም ወደ ሣጥን ገባ።

ስለዚህ በሣጥን የቀረው ጠገራ ስለ ቪየና የሚናገረው በብረቱ፥ ስለ ጅማ የሚናገረው ግን በቆዳው ነው። ብረቱ የውጭ አገር ነው፤ ጽሑፉም የውጭ አገር ነው፤ የአገሩ የሆነ ምልክት ቢኖር በላዩ ላይ ያረፈው ብቻ ነው። ይህ ካልታወቀ የክርክሩ ፍሬ ነገር አይታወቅም።

በላዩ ያረፈውስ ምንድር ነው? አማርኛ «ወየበ» የሚለው ቃል አለው፤ «ዛገ» ከሚለውም ለይቶ ይናገረዋል። ቃሉ ሴቶች ገላቸውን የሚሞቁበትን የወይባ ጢስ ያስታውሳል፤ በብሩ ላይ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ብር በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ስስ ሽፋን ይለብሳል። ሽፋኑ እጅግ ስስ ሲሆን ብጫ፥ ጥቂት ሲወፍር ወደ ቀይና ወደ ሐምራዊ ያደላ፥ ከዚያም ሰማያዊ፥ በመጨረሻም ጥቁር ሆኖ ይታያል። ቀለሙ የሚመጣው ብርሃን በሽፋኑ ውስጥ ሲያልፍ በሚሆነው መለያየት ስለ ሆነ፥ የቀለሙ ዓይነት የሽፋኑን ውፍረት ይናገራል። ድኙ ከምድጃ ጢስ፥ ከሱፍ ጨርቅ፥ ከሰው ላብም ይመጣል። ምድጃው በቤቱ መካከል በሚነድበትና ቡና በቀን ሦስት ጊዜ በሚቈላበት ቤት የተንጠለጠለ ብር በዚህ ጢስ ውስጥ ዓመታት ያሳልፋል። በሴት አንገት የዋለው ጠገራ ደግሞ ቅቤ ይነካዋል፤ የቅቤው ስብ ከመዳቡ ጋር ተዋሕዶ በጕድጓዶቹ ውስጥ አረንጓዴ ቅባት የመሰለ ነገር ይተዋል። በሸክላ ማሰሮ ተደርጎ የተቀበረው ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ በምድር ጨው ተነክቶ ግራጫና ሻካራ ሽፋን ያወጣል። ለንግድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ በድንገት የተቀመጠው ደግሞ ከፍታዎቹ ሁሉ ተፍቀው፥ ወይቦ የሚታየው ዝቅ ያለው ቦታ ብቻ ነው።

አንድ ብር በአንገት መዋሉን፣ በምድር መቀበሩን ወይም በነጋዴ ከረጢት መዞሩን ከዚህ መለየት ይቻላል። የማይቻልበትም ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን የሚቻልበት ጊዜ ሁሉ ከመታጠቡ በፊት ነው።

አጠባው በምን እንደሚደረግ ማየት ይገባል። አመድና አሸዋ ብሩን ይፍቃሉ፤ በማጉያ መነጽር ሲታይ ፊቱ በቀጫጭን ጭረት ተሞልቶ ይገኛል፥ ጭረቱም ለዘወትር አይጠፋም። ሎሚ ከብሩ ይልቅ መዳቡን ስለሚያነሣ ላዩ ነጭ ሆኖ ነገር ግን የደበዘዘ፥ ሕይወት የሌለው ንጣት ይይዛል። የጥርስ ሳሙናም እንደ አመዱ ነው፤ ሽታው ብቻ ይለያል። በከተማ የተለመደው የፈላ ውሃ፣ የዳቦ ሶዳና የአሉሚኒየም ወረቀት ከሁሉ የተሻለ ይመስላል፤ ድኙን ከብሩ ለይቶ ወደ አሉሚኒየሙ ያሳልፋልና ብሩን አይፍቅም። ሆኖም የሚመለሰው ብር እንደ ቀድሞው ተጣብቆ አይመለስም፤ ስለዚህ ፊቱ ይደበዝዛል፥ ፈጥኖም እንደ ገና ይጠቍራል። የውጭ አገር አሲድ ያለበት ማጥለቂያ ደግሞ ሽፋኑን እንዳለ ያሟሟዋል፤ ሽፋኑ ከብሩ የተሠራ ስለ ሆነ ብሩም በዚያው መጠን ይሄዳል። አንድ ጊዜ የሚሄደው ጥቂት ነው። ልማዱ ግን አንድ ጊዜ አይደለም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ «አትንኩት» የሚሉትን ወገኖች የሚደግፍ ይመስላል። ይሁን እንጂ የነዚህም ንግግር ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም። «ያልታጠበ ገንዘብ» የሚለው ትእዛዝ በአሁኑ መልኩ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የመጣ ነው። በአሜሪካ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ገንዘብን እየመረመሩ በፕላስቲክ የሚያሽጉ ድርጅቶች ተነሥተዋል፤ የታጠበውን ገንዘብ ከሙሉ ደረጃ ስለሚከለክሉት ዋጋው ይወድቃል። ይህ የነጋዴ ምክንያት ነው፤ በነጋዴነቱም ትክክል ነው። ነገር ግን የሕዝብን አኗኗር የሚያጠና ሰው ይህንኑ ምክንያት ተውሶ ሲናገር፥ ፍለጋው ስለ ዕቃው ታሪክ መሆኑ ቀርቶ ስለ ዋጋው ይሆናል። እነዚሁ ሰዎች «የመጀመሪያ መልኩን የጠበቀ» ሲሉ የሚያመሰግኑት የወየበውን ነው። የትኛውን መጀመሪያ? ጠገራው ከቪየና ሲወጣ የሚያብረቀርቅ ነበር፤ የወየበው በመንገዱና በማደሪያው ነው። እንግዲህ የሚጠበቀው መጀመሪያው ሳይሆን መካከሉና መጨረሻው ነው፤ እንዲህ ተብሎ በግልጥ ቢነገር ኖሮ ክርክሩ ግማሹ በቀረ ነበር።

ሌላም አለ። ጥቁረት ዋጋ ያወጣል ከተባለ ጥቁረትን የሚሠራ አይጠፋም። ዛሬ ከቪየና የወጣ አዲስ ጠገራ በድኝ ጢስ ቢታጠን ወይም ከተቀቀለ እንቍላል ጋር ቢዘጋበት በጥቂት ሰዓት ውስጥ የመቶ ዓመት ሽማግሌ ይመስላል። እንዲህ ያለው ጥቁረት ከፍታውንና ዝቅታውን ሳይለይ በአንድ ዓይነት ያለብሳል፤ በሣጥን የወየበው ግን አንዱ ወገን በጨርቅ ተሸፍኖ፥ ሌላው ወገን ለአየር ተገልጦ ስለ ኖረ ሁለቱ ፊቶቹ እንኳ አንድ ዓይነት አይሆኑም። ሁልጊዜም ይለያል ማለት አይደለም። ጥቁር ብር ሁሉ ምስክር ነው የሚል ሰው ሐሰተኛ ምስክር እንደሚቀበል ይወቅ።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ከገበያ አይመጣም፤ ከባለቤቶቹ ይመጣል። ብዙው ጠገራ ገንዘብነቱ ሳይቀር ገና ጌጥ ሆኖአል። አንጥረኛው ጫፉን በስቶ ወይም በራሱ ላይ ማንጠልጠያ በይዶ ከዶቃና ከሌላ ብር ጋር ሲሰካው፥ ሴቲቱ የምታደርገው እንዲያበራ ብላ ነው። በበዓልና በሠርግ ዋዜማ ታሸዋለች፤ የጠቈረ ጌጥ አንጠልጥላ ወደ ሠርግ መሄድ ነውር ነው። እንግዲህ ያ ጌጥ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ እንደ ከሰል ጠቍሮ ቢቀመጥ፥ ተመልካቹ ያገሩ ሴቶች እንዲህ ጠቍሮ ያደርጉት ነበር ብሎ ያስባል። ይህም ሐሰት ነው። ባለቤቷ ዕድሜዋን ሙሉ ስታጥበው የኖረችውን፥ ሰብሳቢው ታሪክን አከብራለሁ ብሎ እንዳይነካ ቢከለክል ማንን እያከበረ ነው?

ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም፤ ነገር ግን መልሱ በብሩ ላይ ሊታይ ይችላል። ሴቲቱ ስታሸው እጅዋና ጨርቋ የሚደርሱት ከፍ ወዳለው ቦታ ነው፤ የንግሥቲቱ ጕንጭና ደረት፥ የንስሩም ደረት ይነጣሉ፤ በፀጕሯ እጥፋትና በፊደላቱ መካከል፥ በብየዳውም ሥር ጥቁሩ ይቀራል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ የተደረገው ይህ እሸት ራሱ የልማዱ ጽሕፈት ነው። እንዲያውም የብሩን መልክ አጉልቶ ያሳየዋል፤ አንጥረኞችም ሆን ብለው ጥልቁን ጥቁር፥ ከፍታውን ነጭ አድርገው የሚተዉት ጌጥ አለ። የሰብሳቢው አጠባ ግን ወደ ጥልቁ ይገባል። ሎሚውም፣ ሶዳውም፣ አሲዱም እጅ ወደማይደርስበት ይደርሳሉ፤ ከፍታውንና ዝቅታውን አስተካክለው አንድ ነጭ ያደርጉታል። የሴቲቱ አጠባ በሰብሳቢው አጠባ ይደመሰሳል ማለት ነው። ስለዚህ «እርሷም ታጥበው ነበር» የሚለው ምክንያት ለሰብሳቢው አያገለግለውም፤ ይልቁንም ይከሰዋል።

ከዚህም የተነሣ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። ጌጡ ገና በቤተ ሰቡ እጅ ካለና ልጂቱ ለሠርጓ የምታደርገው ከሆነ፥ እንዳታጥበው መምከር የማንም ሥራ አይደለም፤ ጌጡ ይኖራል፥ የሚኖርም ነገር ይታጠባል። ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሰብሳቢ ወይም ወደ ሙዚየም የገባ ዕለት ግን የመጨረሻው እጅ የነካው እንደ ነካው መቆየት አለበት። በጅማ ሙዚየም የዳግማዊ አባ ጅፋርና የዘመናቸው ዕቃዎች ተጠብቀው ይታያሉ፤ እንዲህ ባለው ስፍራ የተቀመጠ ዕቃ ማብራቱ ወይም መጥቈሩ ሳይሆን ከማን ቤት እንዴት ሆኖ እንደ መጣ መታወቁ ይበልጣል።

በሌላ ብረት ላይ ፍርዱ እንዲህ አይጸናም፤ ለምሳሌ ያህል ብቻ ይጠቀሳል። የአክሱም ነገሥታት የብርና የመዳብ ገንዘብ ከምድር ሲወጣ ብዙ ጊዜ በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኖ ነው። አንዳንዱ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ ስስ ወርቅ ተለብጦበታል። ይህ በሌላው የጥንት ዓለም ገንዘብ ዘንድ ያልተለመደ የአክሱም ልዩ ሥራ ነው። በአሲድና በብረት ብሩሽ ያጸዳው ሰው ወርቁን ከዝገቱ ጋር ጠርጎ ይጥለዋል፤ ሊገልጠው የፈለገውንም ያጠፋዋል። በአንጻሩ ደግሞ በመዳብ ላይ እንደ ዱቄት የሚፈረካከስ ደማቅ አረንጓዴ ነጠብጣብ ከታየ፥ ከምድር ጨው የመጣና ብረቱን ከውስጥ የሚበላ በሽታ ስለ ሆነ፥ «አትንኩት» ማለት ገንዘቡን ለሞት መተው ነው፤ ከሌላው ተለይቶ በደረቅ ስፍራ መቀመጥና በባለሙያ መታከም ይገባዋል። የጠገራው ወይባ ግን በሽታ አይደለም። አንድ ጊዜ ከወፈረ በኋላ እድገቱ እየዘገየ ይሄዳል።

ላልተነካው ጠገራ የሚደረገው ጥቂት ነው። አፈር ካለበት በተጣራ ውሃ ማራስ፥ ሳይፈትጉም በለስላሳ ጨርቅ ላይ ማድረቅ ይበቃል። የፕላስቲክ ቅባት ወይም ማጣበቂያ ከነካው አሴቶን ያለቅቀዋል፥ ብሩንና ወይባውን ግን አይነካም። ለስላሳውና የሚሸተው ፕላስቲክ ከረጢት ጊዜ ሲቆይ አሲድ ስለሚያወጣና ብሩን በአረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ስለሚያበላሸው፥ የቀድሞው የቆዳ ከረጢት ከእርሱ ይሻላል፤ ከሁለቱም ደግሞ አሲድ የሌለበት ወረቀት ይሻላል። ከዚህ በፊት ግን መጻፍ ይቀድማል። ብሩ ከየትኛው ከተማ እንደ ተገኘ፥ በምን ተቋጥሮ እንደ ነበር፥ በአንገት ውሎ እንደ ሆነ፥ ባለቤቶቹ በምን ስም እንደ ጠሩት፥ በኦሮምኛም ቀርሺ ብለውት እንደ ሆነ፥ መጨረሻ የታሸው መቼና በማን እንደ ሆነ ይጻፋል። ብዙ ሰብሳቢዎች የንስሩን ላባ በጥንቃቄ ይቈጥራሉ፤ ባለቤቲቱን ግን ስሟን እንኳ ሳይጠይቁ ይመለሳሉ።

በተለይ የአንገት ጌጥ ሲገኝ ብሮቹን ከክራቸው ፈትቶ እያንዳንዱን ለየብቻው መሸጥ የተለመደ ሆኖአል። ሳይፈታ በብርሃን ፊት የተመለከተው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ያያል፤ በተርታው ካሉት መካከል አንዱ ወይም ሁለቱ ቀለማቸው ከሌሎቹ ይለያል። ሌሎቹ በጕድጓዳቸው ጥቁርና አረንጓዴ ሲይዙ፥ እነዚህ ቀላ ብለው ወይም ብጫ ብቻ ሆነው ይገኛሉ፤ ማንጠልጠያቸውም በሌላ እጅ የተበየደ ይመስላል። ምናልባት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በክፉ ቀን ተሸጦ ወይም ለግብር ተከፍሎ፥ ቡናው በተሸጠበት በሌላ ዓመት በአዲስ የተተካ ይሆናል። የተርታው ብሮች ሁሉ በአንድ ሳሕን ሎሚ ውስጥ አድረው ሲወጡ፥ ሁሉም በአንድ ቀን የተገዙ መስለው ይታያሉ።